የእትዬ ሊን ታርት

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ልጄ ሜሮን ከሥራ ስትመለስ አንድ ሮዝ ሳጥን ይዛልኝ መጣች። ስስ ካርቶን ነው፤ ከላይ በቀይና በነጭ ክር ታስሯል። ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣው ካፖርቷን ማውለቅ ስትጀምር፣ ክሩን ማንም ሳይነካው፣ የእንቁላልና የገበታ ቅቤ፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ ያረረ የስኳር ሽታ ቤቱን ሞላው። ይህ ከኮሎምበስ ከተማ ወጣ ብሎ ፒከሪንግተን ያለው ቤታችን ሰፊ ነው፤ ሽታ በቀላሉ የሚሞላው ቤት አይደለም። ያ ሽታ ግን ሳሎኑን አልፎ፣ ደረጃውን ወጥቶ፣ ባለቤቴ ግርማ የመጨረሻዎቹን ወራት የተኛበት ክፍል ድረስ የደረሰ መሰለኝ፤ እኔም ተከትዬው ወጣሁ፤ በሩን ከፍቼ የተነጠፈውን አልጋ አየሁና ተመልሼ ወረድኩ።

«ማም፣ ኤግ ታርት ነው። የዳድ ፌቨሪት» አለችኝ ሜሮን፣ ደስ ያሰኘችኝ መስሏት።

«ሁዳዴ እኮ ነው፣ ልጄ» አልኳት።

እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ኦ ማይ ጋድ። ማም፣ አይም ሶ ሶሪ። ቶታሊ ፎርጎት።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ ጾም መግባቱን የሚያውቀው እናቱ ስትነግረው ነው፤ እኔ ደግሞ ዘንድሮ ለማንም ምንም አልነገርኩም። ሳጥኑን መልሳ ልታነሳው ስትል «ተዪው» አልኳት። ለምን እንዲያ እንዳልኩ አላወቅኩም ነበር። እሷ ወደ ቤቷ ከሄደች በኋላ ወንበር ስቤ ከሳጥኑ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ።

ኮሎምበስ የመጀመሪያው ቤታችን ኒር ኢስት ሳይድ የሚባል ሰፈር ነበር፤ የአሮጌ ቀይ ጡብ ቤት ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቶቹ በበረዶው ወራት የሚያፏጩ፣ ሳሎኑ ሶፋና ቴሌቪዥን ከገባበት በኋላ ሁለት ሰው ለመተላለፍ አንደኛው ጎኑን ማዞር ያለበት። እኔ ሃያ አራት፣ ግርማ ሠላሳ ዓመታችን ነበር፤ ከተጋባን ገና ሰባት ወራችን። እሱ ግሮቭፖርት ካሉት ትልልቅ ዌርሃውሶች ባንዱ ሲነጋ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሳጥን ሲያነሳ ይውላል፤ እኔ ከሰዓት በኋላ ነርሲንግ ሆም ገብቼ አረጋውያን አጥባለሁ፣ አበላለሁ። እሱ ሲመለስ እኔ ስወጣ ደረጃው ላይ እንተላለፋለን፤ እንደ ጎረቤት ሰላም እንባባልና ሁለታችንም እንስቃለን። አብረን የምናርፈው ዓርብና ቅዳሜ ብቻ ነበር። ስለዚህ ትዳራችን በሳምንት ሁለት ቀን ነበረች፤ አንደኛዋ የጾም፣ ሁለተኛዋ የፍስክ።

ሁለቱንም ቀን የምንሄደው እትዬ ሊን ዘንድ ነው። ከቤታችን ጥግ ታጥፎ፣ በልብስ ማጠቢያውና በፀጉር ቤቱ መካከል የተጣበቀች ጠባብ የቻይና ዳቦ ቤት ነበረቻቸው። መስታወቷ ሁልጊዜ በእንፋሎት ስለሚሸፈን ከውጭ የሚታየው ቢጫ መብራትና የሚንቀሳቀስ ነጭ ቆብ ብቻ ነው። በሩ ሲከፈት ደወል ይጮሃል፤ ከዚያ ሙቀቱ ፊትን ይመታል። በስተግራ ከቀርከሃ የተሠሩ ክብ ክብ የእንፋሎት ማብሰያዎች እንደ ሰፌድ ተደራርበው ይጨሳሉ፤ ዲም ሰም የሚሉት ትናንሹ ጥቅልል ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። በስተቀኝ በመስታወት ውስጥ ዳቦው፣ ሰሊጥ የለበሰው ድቡልቡል፣ ቢጫው የእንቁላል ታርት። ሌላ ቦታ አንድ ሰው በማይጠግብበት ብር እዚያ ሁለታችን ጠግበን፣ ለማግስቱ ምሳ ደግሞ ቋጥረን እንወጣ ነበር።

ሴትዮዋ ያን ጊዜ አምሳ ዓመት የሞላቸው ይመስሉኛል። መነጽራቸው ላይ ሁልጊዜ ዱቄት አለ። ግርማ እናቱን የምታህል ሴት በስሟ ብቻ መጥራት አፉ እምቢ ስላለው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «እትዬ ሊን» አላቸው፤ እሳቸውም ምን ማለት ነው ብለው ሳይጠይቁ «የስ» አሉ፤ በዚያው ጸደቀ።

ችግሩ ዐሳማ ነበር። እኛ አንበላም፤ የእሳቸው ማብሰያ ውስጥ ያለው ደግሞ አብዛኛው እሱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ግርማ አንዱን ጥቅልል በጣቱ አሳይቶ «ፖርክ?» አለ። አነጋገሩ አልገባቸውም። ደግሞ ጠየቀ፤ አሁንም አልገባቸውም። ከዚያ ይህ ያገሬ ልጅ፣ ጨዋና ዓይነ አፋር የምለው ባሌ፣ አፍንጫውን በጣቱ ወደ ላይ ገፍቶ፣ ሰልፍ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እንደ ዐሳማ አንኮራፋ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እትዬ ሊን ግን መነጽራቸውን አስተካክለው ትክ ብለው አዩትና፣ ምንም ሳይስቁ፣ እሳቸውም አንኮራፉ። አዎ ማለታቸው ነው። ወደሚቀጥለው ማብሰያ ሄደው ክዳኑን አነሱና እንደ ዶሮ ቋ ቋ አሉ። ከዚያ ሦስታችንም መሳቅ ጀመርን፤ ያ ሳቅ በየሳምንቱ እየታደሰ ለዓመታት የእኛና የእሳቸው ቋንቋ ሆኖ ቀረ።

ቅዳሜ ዶሮ ያለበትን ነጭ ዳቦና የእንቁላሉን ታርት እንበላለን። ዓርብ እስከ እኩለ ቀን ጾመን፣ ወተትም እንቁላልም የለበትም ብለን ያመንነውን፣ ውስጡ የተፈጨ ቀይ አደንጓሬ ያለውን ክብ ኬክ እንገዛለን። ቅርፊቱ በጥርስ ሲነካ እንደ ቅጠል ይረግፋል። «ያገራችን ሰው አደንጓሬን በስኳር ያልሞከረው ምን ነክቶት ነው?» ይል ነበር ግርማ በየዓርቡ፣ ጣቱ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ እየላሰ።

እንዲህ እያልን ዓመት ሊሞላን ሲል፣ አንድ ዓርብ በረዶ ወርዶ፣ እትዬ ሊን የመጣላቸውን ዕቃ ከእግረኛ መንገዱ ላይ ለብቻቸው ሲያነሱ ደረስን። ግርማ በአማርኛ «ተዉት እትዬ፣ ተዉት!» እያለ ሮጦ አንዱን ትልቅ ነጭ ባልዲ ከእጃቸው ነጠቀና በትከሻው አስገባላቸው። ዌርሃውስ የሚሠራ ሰው ያነሳውን ዕቃ ሁሉ ማንበብ ልማድ ይሆንበታል። ባልዲው ላይ አንዲት አጭር ቃል አነበበ፤ አላወቃትም። ቤት ገብተን፣ አደንጓሬ ኬካችንን ሳህን ላይ አድርገን ከተቀመጥን በኋላ ትዝ አለችውና «ፀዲ፣ ላርድ ምንድነው?» አለኝ። ለነርሲንግ ኮርሱ የገዛሁትን መዝገበ ቃላት ከሶፋው ሥር አውጥቼ ፈለግኩለት። የተቀለጠ የዐሳማ ሞራ ይላል።

የኬኩ ግማሽ አፉ ውስጥ ነበር። አልዋጠውም፤ አልተፋውም። ጉንጩን ነፍቶ ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠ፤ ሲመለስ ካፖርቱንም ሳይለብስ በበረዶው ወርዶ እትዬ ሊን ፊት ቆመ፤ እኔም ከኋላው። የአደንጓሬውን ኬክ እያሳየ አፍንጫውን ወደ ላይ ገፍቶ አንኮራፋ። እሳቸውም ሳይደብቁ፣ በዚያው ድምፅ መለሱለት። ታርቱን አሳየ። እሱም እንደዚያው ነው።

ያን ዓመት ሙሉ፣ በጾም ቀን፣ ከሥጋ ሁሉ አጥብቀን ስንሸሸው የኖርነውን ነበር የበላነው። ለነፍስ አባታችን ተናዘዝን። አባ ረጅም ሳል ሳሉ፤ ሳቃቸውን መደበቂያ እንደነበረ ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው። «ሳታውቁ ያደረጋችሁት ነው፤ ግን ልባችሁ እንዲያርፍ አርባ አርባ ስገዱ» አሉን።

ሰኞ ማለዳ፣ ግርማ ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት፣ በሶፋውና በቴሌቪዥኑ መካከል ባለችው ስንዝር ቦታ ጎን ለጎን ቆመን መስገድ ጀመርን። ቆጣሪው እሱ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቆጥራል። ሃያ ሦስት ላይ ስንነሳ ጭንቅላታችን ተጋጨ። እኔ ሳቅ አፈነኝ፤ እሱ ግንባሩን ይዞ «ሃያ ሦስት ነበር ሃያ አራት?» አለ።

«እኔ ምን አውቄ? ቆጣሪው አንተ።»

«እንግዲያው ከአንድ እንጀምር።»

«አብደሃል እንዴ? ሥራ ልትሄድ አይደል?»

«እግዜርን በሂሳብ አላታልልም!» አለና ከአንድ ጀመረ። ከታች የሚኖሩት ሽማግሌ ይኼኔ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን ይደበድቡ ነበር። በእያንዳንዷ ስግደት አንድ ጊዜ እኛ መሬቱን ስንመታ አንድ ጊዜ እሳቸው ከሥር ይመልሳሉ፤ እኔ እንባዬ እስኪወርድ እየሳቅኩ ሰገድኩ፤ ያ ስግደት ተቆጥሮልን እንደሆነ እንጃ። ቅዳሜ ግርማ ለሽማግሌው ስድስት ታርት ይዞ ይቅርታ ሊጠይቅ ወረደ፤ ሲመለስ ወዳጅ ሆነው ነበር።

እትዬ ሊን ነገሩ የከነከናቸው ከእኛ በላይ ነው። ግርማ በዳቦ ከረጢት ጀርባ ላይ ላም፣ ዶሮ፣ እንቁላልና ዐሳማ ሳለላቸው፤ ሥዕል አይችልም፣ ላሟ ውሻ ትመስል ነበር። በሁሉም ላይ ኤክስ አደረገባቸውና ከሥሩ ረቡዕና ዓርብ ብሎ በእንግሊዝኛ ጻፈ፤ ከጎኑ ደግሞ ከፋሲካ በፊት ያሉትን ሳምንታት በረጅም መስመር አመለከተ። እሳቸው ወረቀቱን ወስደው ከባንኮኒው ጀርባ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጠፉት። ከዚያን ሳምንት ጀምሮ የአደንጓሬው ኬክ በዘይት ተሠራ። የቅዳሜው ታርት ደግሞ ሞራው ቀርቶለት በገበታ ቅቤ ተጋገረ፤ ሲሰጡን «በተር» ይላሉ፣ እንደ ምሥጢር ዝቅ ባለ ድምፅ። በኋላ ሶማሌ እናቶች ሰፈሩ ውስጥ ሲበዙ እነሱም ያንን ወረቀት እያዩ፣ ኤክስ የተደረገበትን ዐሳማ በጣታቸው እያሳዩ ይጠይቁ ጀመር። ዓመት ሳይሞላ አንድ መደርደሪያ ሙሉ ከዐሳማ ነጻ ሆነ። ግርማ «ይህን ያህል ሰው ያዳነ ሥዕል የለም» እያለ ይኩራራ ነበር።

ሜሮን ተወለደች፤ ወንድሟ ተከተለ፤ ቤት ገዝተን ወደ ፒከሪንግተን ወጣን። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሃያ ደቂቃ እየነዳን እንሄዳለን። ልጆቹ የመኪናው ወንበር ላይ የታርት ፍርፋሪ ሲያፈሱ እኔ እቆጣለሁ፤ ግርማ በመስታወቱ እያያቸው በዓይኑ ይጠቅሳቸዋል። ሽበት ወጣብን። ወረቀቱ ቢጫ ሆነ፤ ላሟ ደበዘዘች። እትዬ ሊን በወንበር ተቀምጠው መሸጥ ጀመሩ። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ቀን ያልቃል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አምና ግርማ ሆዱን ታመመ። የተባለውን ሁሉ አደረግን። ሁዳዴ ሲገባ ሐኪሞቹ ማስመሰል ትተው ነበር። አባ እቤት ድረስ መጥተው «ለታመመ ሰው ጾም የለም፤ ያማረህን ብላ ልጄ» አሉት። እሱ ግን ሳቅ አለና «አባ፣ አርባ ስግደት አሁን አልችልም» አላቸው። አባም ሳቁ፤ ከክፍሉ ሲወጡ ግን ደረጃው ላይ ቆመው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይቻቸዋለሁ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ምንም አላማረውም። ሾርባ በማንኪያ ስወስድለት ለእኔ ሲል ሁለት ጊዜ ይውጥና ፊቱን ያዞራል። ከዚያ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ መስኮቱን እያየ፣ «ፀዲ፣ የእትዬ ሊን ታርት አማረኝ» አለኝ።

መድኃኒቱ የሚያናግረው መሰለኝ። ሳያውቅ ለበላው ሞራ ስልሳ ሦስት ጊዜ የሰገደ ሰው ነው፤ አባ ፈቅደውለት እንኳ እምቢ ያለ ሰው ነው፤ ነገ ልቡ ሲመለስ ለምን አበላሽኝ ብሎ የሚያዝንብኝ መሰለኝ። እጁን ይዤ «ዓርብ እኮ ነው፣ ግርምሽ፤ ያውም በሁዳዴ» አልኩት። «ፋሲካ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። ያኔ ትኩሱን አመጣልሃለሁ። ዛሬ ብትበላ ነገ አንተው ነህ የምታዝነው።»

ተቆጥቶ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። «ልክ ነሽ» አለ። «ለፋሲካ ይሁን።»

በአምስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ዐረፈ።

መንገዱ ሃያ ደቂቃ ነው። መኪናው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ነዳጅ ነበረው። በረዶም አልነበረም። ይህን ዓመቱን ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለልጆቼም፣ ለአባም። ሊያጽናኑ የመጡት ሁሉ «አስታመምሽው፣ ምን ያላደረግሽለት አለ?» ሲሉኝ ነጠላዬን ፊቴ ላይ እጎትት ነበር።

እትዬ ሊን ለቅሶ ደርሰውኛል። በሦስተኛው ቀን ያንን ሁሉ ነጠላ የለበሰ ሰው ሰንጥቀው፣ በጥቁር ኮት፣ እንዲህ ያለ ሮዝ ሳጥን በሁለት እጃቸው ይዘው ገቡ። መነጽራቸው ላይ ያን ቀን ዱቄት አልነበረም። አጠገቤ ተቀምጠው ሳጥኑን ጉልበቴ ላይ አኖሩና «ኖ በተር። ኖ ኤግ። ሚስተር ግርማ ፔፐር» አሉኝ፤ ግድግዳቸው ላይ የለጠፉትን የግርማን ወረቀት ማለታቸው ነው፤ በጣታቸውም አየር ላይ ኤክስ ሠሩ። አደንጓሬ ኬክ ነበር፤ በዘይት የተሠራ። ሐዘናችን ላይ ጾማችንን ሊያስገድፉን አልፈለጉም። ለቀስተኛው «እንዴት ያለች ፈረንጅ ናት!» እያለ በላ። እኔ ያን ጊዜ የጮህኩት ጩኸት ሁሉም ለሟቹ የተጮኸ መስሏቸዋል።

ሜሮን ከእትዬ ሊን ያመጣችልኝ ሳጥን ፊት እንደተቀመጥኩ፣ ቀኑ ዓርብ ነበር፤ ሁዳዴም ነበር፤ ሙት ዓመቱ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። ክሩን ፈታሁት። ስምንት ታርቶች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ ቢጫው የእንቁላል ገጻቸው ላይ የወጥ ቤቱ መብራት ያብረቀርቃል። አንዱን አነሳሁ። ገና ለብ ያለ ነበር። ቅርፊቱ ሲነከስ ጠረጴዛው ላይ ረገፈ። አመድ እንዲሆንብኝ ፈልጌ ነበር። ጣፋጭ ነበር። እንደነዚያ ቅዳሜዎች ሁሉ ጣፋጭ ነበር፤ አንጀቴን የቆረጠውም ይኸው ነው። እስከ መጨረሻዋ ፍርፋሪ በላሁት።

ከዚያ ለአባ ኮል አደረግኩላቸው። አሁን በጣም አርጅተዋል፤ ስልኩን ለማንሳት ጊዜ ይወስድባቸዋል። ጾም መሻሬን ነገርኳቸው።

«ርቦሽ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም አባ። ግርማ አምሮት ነበር። ፋሲካ ይድረስ ብዬ ከለከልኩት።»

«ጾሙን ሳይፈታ ነው የሄደው፣ ልጄ» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እሱ የጠየቀኝ ጽድቅ አልነበረም፤ ታርት ነው። ይህን ለእሳቸው አላልኩም። «ቀኖና ይስጡኝ» ብቻ አልኳቸው።

«እንግዲያው እንደዚያን ጊዜው፤ አርባ» አሉ። ጨምረውም «ጉልበትሽን ካመመሽ ቀንሺው።»

ሰኞ ማለዳ ሳሎን ገባሁ። የሚነሳ ዕቃ የለም፤ አሥር ሰው ጎን ለጎን የሚያሰግድ ቦታ ነው። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እየቆጠርኩ ጀመርኩ። እስከ አሥር ደህና ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ሶፋውን እየተደገፍኩ ነው የተነሳሁት። ሃያን አለፍኩ። ሃያ ሦስት ላይ ግንባሬን ምንጣፉ ላይ አሳርፌ ትንፋሼን ስሰበስብ ቆየሁ፤ ቀና ስል ሃያ ሦስት ይሁን ሃያ አራት ጠፋኝ። ወደ ጎኔ ዞሬ አየሁ። ከሥር ማንም አላንኳኳም፤ ከሥራችን ባዶ ምድር ቤት ነው ያለው።

ከአንድ ጀመርኩ።